ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም

መጽሐፉ ቤቴ አለ። ትልቅና ከባድ ስለሆነ መደርደሪያው አልቻለውም፤ ከልጆቼ አትላስ ስር አጋድሜ አስቀምጬዋለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዲስ አበባ ነው፤ መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ሰፈር ሙሉ ሲቃጠል የተነሣ ፎቶግራፍ። እንግዳ ሲመጣ አሳያለሁ። አንዲት ገጽ ላይ ስደርስ ግን ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ይዤ እገልጣለሁ። የማያውቁኝ ገጹ የተጣበቀ ይመስላቸዋል። የሚያውቁኝ አይጠይቁኝም።

አሽቀሎን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ከአክስቴ ጋር፣ በሱዳን በኩል። እናቴ ከዓመታት በኋላ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ መጣች። አብሯት መምጣት የነበረበት ታናሽ ወንድሜ "የታመመውን አጎታችንን ላምጣ" ብሎ ወደ ጎንደር በሄደበት መንገዱ በጦርነት ተዘጋ። ሰው ሁሉ ተሳፈር ሲባል እናቴ ብቻዋን ተሳፈረች። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ አንድም ወሬ አልመጣም። ይኑር ይሙት፣ ጎንደር ይቅር አዲስ አበባ ይመለስ፣ የሚነግረን ጠፋ። እናቴ ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። እኔ መዋጥ አልችልበትም፤ ስጨነቅ የታጠበ ድስት መልሼ አጥባለሁ። በዚያ ዓመት አሽቀሎን ውስጥ የኔን ያህል የነጣ ድስት ያለው ሰው አልነበረም።

ለእናቴ ከከተማው ዳር አሸዋ ላይ ከተደረደሩት ካራቫኖች፣ ተነቃይ ቤቶች፣ አንዱን ሰጧት። በሯ ፊት ለፊት የምትኖረው ሴት አዲስ አበባም እያሉ አንድ ግቢ አብራት የተከራየች ጎረቤቷ ናት። እኔ እትዬ እላታለሁ። ወሬዋ አያልቅም፤ አንድ ነገር ስትጠየቅ ከአዳምና ከሔዋን ነው የምትጀምረው፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። እሷም ልጇን እዚያው ጥላ ነው የመጣችው። ልጁ የጦር ሠራዊቱን አፈሳ ፈርቶ ከቤት ቤት ሲደበቅ ቆይቶ፣ ተሳፈሩ በተባለበት ቀን የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

"የኔስ መደበቅ ያውቅበታል" ትል ነበር። "በዚያ ብርድ ከጣራው ስር ቆጥ ላይ ያድራል፣ ቀን ዓይን አያየውም። መንግሥት ያላገኘውን ልጅ ሞት ከየት ያገኘዋል?"

እናቴ ይኼን ስትሰማ ጎረቤቷን ጉልበቷ ላይ መታ መታ ታደርጋታለች። ሁለቱ አንድ ሕመም ስላመማቸው እህትማማች ሆነው ነበር። አንዷ ካበሰለች ሌላዋ እሳት አትለኩስም። ኡልፓን፣ የዕብራይስጥ ትምህርቱ ላይ፣ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ምንም ሳይማሩ ተያይዘው ይመለሳሉ።

እኔ ያኔ ኩፓት ሖሊም፣ ክሊኒኩ ውስጥ፣ አስተርጓሚ ነበርኩ። የሽማግሌውን ሕመም ለዶክተሯ፣ የዶክተሯን ቁጣ ደግሞ አለዝቤ ለሽማግሌው አደርሳለሁ። ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን ሁለት ፎቶግራፍ አንሺ ጋዜጠኞች ከቴል አቪቭ መጥተው አስተርጓሚ ፈለጉና እኔን ጠቆሟቸው። ወንዱ ሽበታም፣ ረጋ ያለ ነው። ሴቷ ቀጭን፣ ችኩል፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ። የእኛን ሰዎች መሳፈር ሊያነሱ አዲስ አበባ ሄደው እዚያው ቀርተው ነበርና ከተማዋ ስትያዝም፣ ኋላ መጋዘኑ ሲፈነዳም አይተዋል። ያዩትን በመጽሐፍ ሊያወጡት ነው። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ወይም ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አናትምም አሉኝ። እዚያ ያገኙትን ሰው እዚያው ጠይቀዋል፤ የቀረውን ከእናንተ መሀል የሚያውቅ አይጠፋም ብለው ነው የመጡት። ጨዋ ሰዎች ናቸው ብዬ እሺ አልኩ።

ፎቶዎቹን ሞዓዶን በምንለው የመሰብሰቢያ አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋናቸው። የካራቫኑ ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። ሴቷ ጋዜጠኛ ግራ ገባት፤ እሷ ያነሳችው የከተማዋን መከራ ነው፣ የእኛ ሰው ግን የሚፈልገው ሰው ነው። አንድ ሙሉ ሰማይ የሸፈነ ጥቁር ጭስ ያለበትን ፎቶ ለአንዲት እናት ሰጥታ "ይኼን ስታይ ምን ይሰማታል? ጠይቂልኝ" አለችኝ። ጠየቅኩላት። ሴትዮዋ ፎቶውን አስጠግታ ስታይ ቆይታ "ይኼ ከዳር የቆመው ልጅ ትንሽ ዞር ቢል ምን ነበረበት" አለች። እንዲህ ብዬ ስተረጉምላት ጋዜጠኛዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አደረገች።

እናቴና ጎረቤቷ ከሁሉም ቀድመው ይመጣሉ፣ ከሁሉም ኋላ ይወጣሉ። እናቴ ፎቶውን እንደ ምስር ትለቅመዋለች፤ እያንዳንዱን ፊት በጣቷ ትነካለች። ጎረቤታችን ደግሞ ጣራ ጣራውን ነው የምታየው፤ "ካለም ከላይ ነው የሚኖር" እያለች። ሁለቱም ምንም አላገኙም። እኔ ዳር ቆሜ፣ ባያገኙ ይሻላል ወይስ ቢያገኙ፣ እያልኩ ጥፍሬን እበላ ነበር።

አንድ ሳጥን ቀርቶ ነበር። ሽበታሙ "እዚህ ውስጥ አስከሬንም አለ፤ ሰው ድንገት እንዳይደነግጥ አንቺ አስቀድመሽ እይልን" ብሎ ሰጠኝ። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ አንድ በአንድ ገለጥኩ።

ከመሀል አካባቢ ነው ያገኘሁት። የፈረሰ ግንብ ጥግ አንድ ሰው ተጋድሟል። ፊቱን ነጠላ አልብሰውታል። አንድ እጁ ከነጠላው ወጥቶ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ እጅጌው እርድ የመሰለ ቢጫ ሹራብ ነው። ክርኑ ላይ በሰማያዊ ክር ተጥፏል።

ያን ሹራብ ከአሽቀሎን ገበያ የገዛሁት እኔ ነኝ። ለወንድሜ ነው የገዛሁት። ክርኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ነበረችውና ቢጫ ክር ባጣ በሰማያዊ ጠገንኩት፤ የኔ ስፌት ጠማማ ነው፣ ጠማማነቱንም አውቀዋለሁ። ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ ላኩለት። አሁን የራሴ መርፌ ከፎቶ ውስጥ ዓይን ለዓይን አየኝ። አልጮህኩም። ሳጥኑን ዘጋሁ፣ ከዚያ መልሼ ከፈትኩት፣ ፎቶዋን አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። 

ለጋዜጠኞቹ ነገርኳቸው፤ መንገር ነበረብኝ። ሴቷ ክንዴን ይዛ አለቀሰች፣ ከዚያም ተነሣች።

"አሁኑኑ እናትሽ ጋ እንሂድ" አለች። "የማወቅ መብት አላት።"

"የትም አትሄጂም" አልኳት።

"እንዴት? ልጇ እኮ ነው!"

መርዶ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ፤ እየተናደድኩ፣ እያለቀስኩ፣ በዕብራይስጥ። እኛ ጋ ሞት ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። መንገድ ላይ አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም። መጀመሪያ ሽማግሌ ይሰማል፣ ከዚያ ቅርብ ቅርቡ ሰው። የሚያውቀው ሁሉ እንደ ወትሮው ይስቃል፣ ይበላል። ቀኑ ተመርጦ፣ ማልዶ፣ ሐዘንተኛዋ ከቤት ሳትወጣ፣ ስትወድቅ የሚይዝ እጅ ዙሪያዋን ሞልቶ ነው ነገሩ የሚወጣው። ከዚያ በኋላ እሷ ከቤቷ አትወጣም፤ ሰባት ቀን ሰው ነው ወደ እሷ የሚመጣው። ይኼ ሳይሆን ቀርቶ እናቴ ልጇን ከባዕድ እጅ ላይ፣ በወረቀት፣ አዳራሽ መሀል ብታገኘው ምን ትሆናለች? 

ሽበታሙ ለጓደኛው "እሷ ባለችው ይሁን" አላት። የሐሙስ ዕለት ነበር። መርዶ ከሰንበት፣ ከቅዳሜ፣ በፊት አይነገርምና እስከ እሑድ ማለዳ ልጠብቅ ግድ ሆነ።

የሰፈሩን ቄስ ሄጄ ነገርኳቸው። ፎቶዋን ለብዙ ጊዜ ተመለከቷት።

"ፊቱን አላየሽም" አሉኝ።

"ፊቱ ተሸፍኗል አባባ። ስፌቱ ግን የእጄ ነው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲህ እሑድ ሲነጋ እንሰበሰባለን። ያቺን ጎረቤቷን አስቀድመሽ ንገሪያት፤ እናትሽን የምትይዛት እሷ ናት። ከእሷ የሚቀርባት የለም።"

ጎረቤታችንን ከአውቶቡስ ፌርማታው ጥግ ወስጄ መሞቱን ብቻ ነገርኳት፤ ፎቶዋን አላሳየኋትም፣ ሹራቡንም አላነሣሁባት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ ወገቧ እስኪታጠፍ አለቀሰች። "ያንን የመሰለ ልጅ!" አለች። "እኔው ነኝ እኮ ሲርበው እንጀራ የማጎርሰው!" ከዚያ ከቧንቧው ፊቷን ታጠበች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ቀጥ ብላ ወደ እናቴ ካራቫን ሄደች። ከውጪ ሆኜ ስሰማት ስለ ኡልፓን አስተማሪዋ ጫማ እያወራች እናቴን ታስቃታለች። ያን ቀን ወሬኛነቷን ወደድኩት።

ቅዳሜን እናቴ ጋ ዋልኩ። እንዲህ ያለ ቀን አይምጣ። ደስ ያላት መስላ ባየኋት ቁጥር ቦርሳዬን ወደ ጎኔ አስጠጋለሁ። ስታወራኝ አፏን እንጂ ቃሏን አልሰማም። ነገ በዚህ ሰዓት ይኼ ፊት ምን ይመስላል እላለሁ።

"ያ የቀረው ሳጥን መቼ ነው የሚታይ?" አለችኝ።

"ረጋዕ፣ ቆዪ እማ። ገና አልተደረደረም።"

"አንድ ፊት እንኳ የኔ ቢሆን። ከኋላው ቢሆን እንኳ አውቀዋለሁ፤ አንገቱን አውቀዋለሁ።"

ሰንበት ሲወጣ ተነሥቼ ወደ ማጠቢያው ሄድኩ። እጄን ስታይ ቆየች።

"ምን ሆነሻል አንቺ? ያቺን ድስት እኮ አሁን አጥበሻት ነበር።"

"ቅባት አለው" አልኳት። 

እሑድ ማለዳ ቄሱ ፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላቸው ሆነው መጡ። ጎረቤታችን አስቀድማ ገብታ ከእናቴ አጠገብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱ ጋዜጠኞች ያለ ካሜራ ከአጥሩ ውጪ ቆመዋል። እናቴ በሩ ላይ ነጠላውን ሁሉ ስታይ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እንዲህ ያለ ሰልፍ ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ የእኛ ሰው የለም።

"ልጄ" አሉ ቄሱ፤ "እግዚአብሔር የሰጠሽን እግዚአብሔር ወስዶታል። ወንድ ልጅሽ አዲስ አበባ ላይ አርፏል።"

ጎረቤታችን ከጀርባዋ አቀፈቻት። ሌሎቹ ማልቀስ ጀመሩ። እናቴ ግን አላለቀሰችም።

"ማን አየው?" አለች። "ማን ቀበረው? ያየ ሰው ይምጣና ይንገረኝ። ሳላይ አላለቅስም።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ቄሱ ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው ፈቀዱልኝ። ፎቶዋን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ጎረቤታችን ፊቷን እናቴ ትከሻ ላይ ደፍታ ታለቅስ ስለነበር ቀና አላለችም። እናቴ ፎቶዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋቻት። ነጠላውን አየች፣ እጁን አየች፣ ጣቷ ክርኑ ላይ ቆመ። ቆየች።  ከዚያ ፎቶዋን ማንም ሳያይባት አጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችና እንዲህ ያለ ጩኸት ጮኸች፤ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

"ልጄን! ልጄን! ቆጥ ለቆጥ ያደረ ልጄን!"

ቀኑን ሙሉ አለቀሰች። ሴቶቹ እያቀነቀኑ የወንድሜን ስም እየጠሩ አነሱት። እናቴ ስሙን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራችም። ያኔ ጉልበት አጥታ ነው አልኩ። ቆጥ ያለችውንም ሐዘን የሚያናግረው ቃል ነው ብዬ አለፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ለለቀስተኛው የሚበላ ልታመጣ ስትወጣ፣ እናቴ እጄን ስባ ወደ መሬት አስቀመጠችኝ። ድምፁ ጠፍቶባት ነበር።

"ሹራቡን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለችኝ በጆሮዬ።

"ለማን?"

"ለእሷ ልጅ። ቆጡ ላይ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ወንድምሽ 'ስጪው እማ፣ እኔስ ብርድ ልብስ አለኝ' አለኝ። አንቺ ስንት ደክመሽ የላክሽውን ለሰው ሰጠሁ ለማለት አፍሬ ደበቅሁሽ።"

 ከውጪ የጎረቤታችን ድምፅ ይሰማል፤ "እንጀራውን ለሽማግሌዎቹ አስቀድሙ፣ ከማለዳ ጀምሮ አልቀመሱም" ትላለች።

"ታዲያ ለምን ዝም አላልሽም? ለምን አለቀስሽ? በሕይወት ላለ ልጅ ማልቀስ እኮ ሟርት ነው!"

"ምን ላድርግ?" አለች። "አቅፋ ይዛኝ፣ ለኔ ልጅ እያነባች፣ ዞር ብዬ 'የኔ አይደለም ያንቺ ነው' ልበላት? ያለ ሽማግሌ? የሚይዛት ሰው ሳይኖር? የኔ ልጅ ከኖረ ይኖራል፤ ለማን እንዳለቀስኩ ፈጣሪ ያውቃል። አሁን ሂጂና ቄሱን ጥሪልኝ። ነገ ማልደን እንሄዳለን።"

የመጽሐፉን ነገር እዚሁ ልጨርሰው። ፎቶዋን ለማተም የፈቀደችው ከወራት በኋላ ጎረቤታችን ራሷ ናት። ሽበታሙ ጋዜጠኛ እፊቷ ተንበርክኮ ሲጠይቃት፣ "ዕድሜውን ሲደበቅ ነው የኖረው፤ እንግዲህስ ይታይ" አለችው። ወንድሜም ጎንደር አጎታችንን ቀብሮ፣ ታሞ፣ ድኖ፣ ኋላ መጣ። አውሮፕላን ማረፊያ ከእናቱ ቀጥሎ የሳመው ጎረቤታችንን ነው። ያን ሰኞ ማለዳ ግን ይኼን አንዱንም አናውቅም ነበር። የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትናንት ለእናቴ የመጣው ሰልፍ ዛሬ ፊቱን አዙሮ አሸዋውን ተሻግሮ ወደ ፊት ለፊቱ በር እየሄደ እንደሆነ። ቄሱ ቀድመዋል። እናቴ ከእሳቸው ጎን ናት፤ እጄን ይዛለች።

ጎረቤታችን በሯን ከፍታ ነበር። ትልቅ ሰታቴ አቅፋለች፤ ወደ እኛ ቤት ልትመጣ ነው። እናቴን ከውጪ ቆማ ስታያት ተቆጣች።

"ምን ነካሽ አንቺ! ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል? ማነው ያስወጣሽ? ግቢ፣ ግቢ፣ እኔው መጣሁልሽ አይደል?"

 ጎረቤታችን ቄሱን አየች። ከኋላቸው የቆሙትን ሽማግሌዎች አየች። እኔን አየችኝ፣ እኔ ግን ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ከዚያ እንደገና ወደ እናቴ ተመለሰች፤ ከቤቷ መውጣት ወደማይገባት፣ ግን ወጥታ በሯ ላይ ወደቆመችው ሐዘንተኛ። ሰታቴውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው።

"ትናንት ያለቀስነው ለማን ነው?" አለች።

እናቴ እጄን ለቀቀችና ብቻዋን ተራምዳ ያዘቻት።